ቢቴል ፍሬ ሽባ እግር ያስነሳል? በሰፊው ለተጋራ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ። እስያ ውስጥ የሚታኘክ አንድ ፍሬ ሽባ እግር ያስነሳል ይላል። ለእኔ አራት ሰዎች ላኩልኝ። ሦስቱ «እውነት ነው እንዴ?» ብለው ነው። አራተኛዋ ግን እውነት መሆን አለመሆኑን አልጠየቀችም። ወንድሟ በመኪና አደጋ ኅብለ ሰረሰሩ ከተጎዳ ዓመታት አልፈዋል። «የት ይገኛል?» ነበር ያለችኝ። ይህን ምላሽ ያስጻፈኝ የእሷ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ሳይንቲስቶች በፍሬው ውስጥ ያለው አሬኮሊን የተባለ አልካሎይድ (ዕፅዋት የሚሠሩት ኬሚካል) የኋላ እግራቸው ሽባ የሆኑ አይጦችን እንዳስነሳ አረጋግጠዋል። ሁለተኛ፣ አሬኮሊን ነርቭ ጡንቻን የሚያዝበትን አሴቲልኮሊን የሚባል መልእክተኛ ስለሚመስል የተቋረጠውን ትእዛዝ ይተካል። ሦስተኛ፣ መድኃኒቱ ተመርቶ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፣ ፍሬውን ማኘክ ይበቃል። አራተኛ፣ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ለሺህ ዓመታት ያኘከው ነገር ስለሆነ ጉዳት የለውም። አምስተኛ፣ የመድኃኒት ኩባንያዎች ዝም ያሉት ዛፍ ላይ የበቀለን ነገር የግላቸው ማድረግ ስለማይችሉ ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ስሙ አንድ ቃል። ቢቴል የቅጠሉ ስም ነው፤ ከቁንዶ በርበሬ ጋር የሚዛመድ ሐረግ ነው። ፍሬው የሚገኘው ደግሞ አሬካ ከሚባል የዘንባባ ዘመድ ነው። ሰዎች ፍሬውን ቆርጠው፣ ኖራ የተቀባ ቅጠል ውስጥ ጠቅልለው ስለሚያኝኩት ስሙ አብሮ ተጣበቀ። ኖራውን አስታውሱልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ደግሞ ሁሉም የፈረንጆቹ ናቸው።

ከሁለተኛው ልጀምር። ጽሑፉ በሙሉ የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው። ግማሹ እውነት ነው፤ አሳሳች ያደረገውም ይኸው ነው።

አሬኮሊን አሴቲልኮሊንን መምሰሉ ትክክል ነው። ግን አሴቲልኮሊን በሰውነታችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ተቀባዮች፣ ማለትም መልእክቱን የሚቀበሉ የሴል በሮች፣ አሉት። አንዱ ኒኮቲኒክ፣ ሌላው ሙስካሪኒክ ይባላል። የእግር ጡንቻ የሚታዘዘው በኒኮቲኒኩ ነው። ሙስካሪኒኩ ያለው ልብ ላይ፣ አንጀት ላይ፣ የአየር ቧንቧ ላይ፣ ምራቅና ላብ የሚያመነጩ ዕጢዎች ላይ፣ አንጎል ውስጥም ነው። አሬኮሊን በዋናነት የሚቀሰቅሰው ይህን ሁለተኛውን ነው። ፍሬውን የሚያኝክ ሰው አፉ በምራቅ የሚሞላው፣ የሚያልበው፣ ሆዱ የሚላወሰው ለዚህ ነው። እግሩ በዚህ ግርግር ውስጥ የለበትም።

እዚህ ላይ ጸሐፊውን የሚረዳ አንድ ነገር አለ፤ እሳቸው ስላልጠቀሱት እኔ ልጥቀስላቸው። በ2015 በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሮጀር ፓፕኬና ባልደረቦቹ አሬኮሊን አንዳንድ ኒኮቲኒክ ተቀባዮችንም በከፊል እንደሚቀሰቅስ አሳይተዋል። ነገር ግን እነሱ ያገኟቸው አንጎል ውስጥ ያሉትንና ከኒኮቲን ሱስ ጋር የሚያያዙትን ነው። ሥራው የሚያብራራው ሰዎች ፍሬውን ማቆም ለምን እንደሚያቅታቸው ነው።

እሺ፣ አሬኮሊን የእግር ጡንቻንም በደንብ ይቀሰቅሳል ብለን እናስብ። ያን ጊዜም ክርክሩ አይቆምም። ሰክሲኒልኮሊን የሚባል መድኃኒት አለ። ሁለት የአሴቲልኮሊን ሞለኪውሎች እርስ በርስ ተያይዘው ማለት ነው፤ ከዚህ በላይ አሴቲልኮሊንን የሚመስል ነገር ከወዴት ይመጣል? የጡንቻውን ተቀባይ ይይዛል፣ ይቀሰቅሳል፣ ግን ቶሎ አይለቅም። ውጤቱስ? ጡንቻው ለጥቂት ሰከንድ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይዝላል። የሰመመን ሐኪሞች በሽተኛው ጉሮሮ ውስጥ ቱቦ ለማስገባት የሚጠቀሙበት ለዚህ ነው። መልእክተኛውን የሚመስለው ነገር ሽባ ያደርጋል ማለት ነው። መራመድ የሚፈልገው መልእክቱ በሰከንድ ሽራፊ መጥቶ እንዲሄድ፣ ለአንዱ ጡንቻ ሲደርስ ለሌላው እንዲቀር ነው። በደም ውስጥ ተበትኖ ሁሉን ጡንቻ እኩል የሚያገኝ ኬሚካል ይህን ቅደም ተከተል ከየት ያመጣዋል?

ከዚህ የሚብስ ስህተትም አለ። ጽሑፉ «ሽባነት» የሚለውን ቃል አንድ በሽታ አድርጎ ነው የያዘው። በስትሮክ የሚጎዳው አንጎል ነው። በአደጋ የሚቆረጠው ኅብለ ሰረሰር ነው። ፖሊዮ የሚገድለው ጡንቻን የሚያዙትን የነርቭ ሴሎች ራሳቸውን ነው። በመልቲፕል ስክለሮሲስ የሚላጠው የነርቩ ሽፋን ነው። ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ነርቭና ጡንቻው የሚገናኙበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ደህና ነው፤ ችግሩ ከላይ ትእዛዝ አለመምጣቱ ነው። እዚያ ቦታ ላይ አሴቲልኮሊን መሳይ ነገር መጨመር፣ ሽቦው ምሰሶ ላይ ተበጥሶ ቤት ውስጥ አምፖል እንደ መቀየር ነው።

አንድ ነገር ግን በደስታ አምናለሁ። የዕፅዋት አልካሎይድ የዛለ ጡንቻን ሲያስነሳ ታይቷል። በ1934 ሜሪ ዎከር የምትባል ሐኪም ለንደን ግሪኒች ውስጥ በቅዱስ አልፌጅ ሆስፒታል ትሠራ ነበር። ማያስቴኒያ ግራቪስ የያዛቸው ሰዎች ጡንቻ የሚዝልበት መንገድ ኩራሬ በሚባለው የቀስት መርዝ ከሚመረዝ ሰው ጋር እንደሚመሳሰል ልብ አለች። የኩራሬ ማርከሻ ፊዞስቲግሚን መሆኑ ይታወቅ ነበር፤ እሱም ከናይጄሪያው የካላባር ባቄላ የሚወጣ መርዝ ነው። ሰጠቻቸው፤ የዛለው ጡንቻ ለጥቂት ሰዓት በረታ። ዛሬም የዚህ በሽታ ሕክምና በዚያው መንገድ የሚሠሩ መድኃኒቶችን ይጠቀማል።

ታዲያ ይህ ለምን ሠራ? ምክንያቱም በማያስቴኒያ ብልሽቱ ያለው በትክክል ነርቭና ጡንቻው በሚገናኙበት ቦታ ነው። ፊዞስቲግሚን ደግሞ ሰውነት በራሱ ጊዜ የለቀቀው አሴቲልኮሊን ቶሎ እንዳይበተን ያደርጋል እንጂ ሌላ መልእክት አይፈጥርም። ዎከር መጀመሪያ ብልሽቱ የት እንዳለ ጠየቀች፣ ከዚያ ለዚያ ቦታ የሚሆነውን መረጠች። የእኛ ጽሑፍ ፍሬውን ይዞ ተነስቶ በሽታ እየፈለገለት ነው።

አሁን ወደ አይጦቹ። ጸሐፊው «ሳይንቲስቶች አረጋግጠዋል» ይላሉ እንጂ የትኞቹ ሳይንቲስቶች፣ የት፣ መቼ፣ በስንት አይጥ የሚለውን አይነግሩንም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔም ጠረጠርኩ። አሬካና የነርቭ ሽፋን የተገናኙበት የማውቀው ሥራ ኩፕሪዞን የሚባል መርዝ በተመገቡ አይጦች ላይ የተሠራው ነው። ኩፕሪዞን የነርቭ ሽፋንን ይልጣል፤ በተለይ አንጎል ውስጥ። እዚያ ሥራ ላይ የተለካው የአይጦቹ የማስታወስ ችሎታና ከሌሎች አይጦች ጋር ያላቸው ግንኙነት ነው። እግራቸው ሽባ አልነበረም። ደግሞ ኩፕሪዞኑን ማብላት ሲቆም ሽፋኑ በአብዛኛው በራሱ ይመለሳል። ከዚህ ተነስቶ «ሽባ ተነሳ» ለማለት ብዙ ወንዝ መሻገር ያስፈልጋል።

የአይጥ ጥናት ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ያለ እሱ አብዛኛው መድኃኒት ወደ ሰው ባልደረሰ ነበር። ግን አይጥ ላይ የሠራ ነገር ሰው ላይ ተቃራኒውን ሲያደርግ ታይቷል። የመልቲፕል ስክለሮሲስ አምሳያ በሆነው የአይጥ በሽታ የኋላ እግር ሽባ ይሆናል። ቲኤንኤፍ የሚባለውን የብግነት መልእክተኛ መዝጋት አይጦቹን ከዚህ ይጠብቃቸው ነበር። በዚህ ተስፋ ሌነርሴፕት የሚባል መድኃኒት በ168 ሕሙማን ላይ ተሞከረ። ውጤቱ በ1999 ታተመ። መድኃኒቱን የወሰዱት ሰዎች ላይ በሽታው ማገርሸቱ በዛ። አይጧን የጠበቀ ነገር ሰውን ጎዳ።

እንዲያውም አሬኮሊንና ሽባነት በእርግጥ የተገናኙበት ታሪክ አለ፤ ጸሐፊው የሚወዱት ዓይነት ግን አይመስለኝም። አሬኮሊን ለረጅም ጊዜ ለውሾች የኮሶ ትል ማውጫ ነበር። ኒውዚላንድ ውስጥ ከውሻ ወደ በግና ወደ ሰው የሚተላለፈውን የውሻ ኮሶ ለማጥፋት በዘመቻ ተጠቅመውበታል። ትሉን ሽባ ያደርገዋል፣ ከአንጀት ግድግዳ ያላቅቀዋል፤ ውሻውን ደግሞ ያስቀምጠዋል። የተሻለ መድኃኒት ሲመጣ ተተወ።

ሦስተኛው ነጥብ ማኘክ ይበቃል የሚለው ነው። ይህ በእኔ ዓይን ከሁሉ አደገኛው ነው፤ ምክንያቱም ሰው ነገ ጠዋት ሊያደርገው ይችላል።

ኖራውን አስታውሱ ብያችሁ ነበር። ኖራው አሬኮሊንን ወደ አሬካይዲን፣ ጉቫኮሊን የተባለውን ደግሞ ወደ ጉቫሲን ይቀይራል። ስለዚህ አፍ ውስጥ ያለው ነገር ቤተ ሙከራ ውስጥ ከተመዘነው ንጹሕ አሬኮሊን ጋር አንድ አይደለም። በ1975 ግርሃም ጆንስተንና ፖውል ክሮግስጎርድ ላርሰን ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ሥራ ጉቫሲንና አሬካይዲን በአይጥ አንጎል ቁራጭ ላይ ጋባ የሚባለው መልእክተኛ ወደ ሴል ተመልሶ እንዳይገባ እንደሚያግዱ አሳይተዋል። ጋባ ደግሞ አረጋጊ ነው። የነርቭን ጩኸት ዝቅ ያደርጋል እንጂ ጉልበት አይሰጥም። ከዚሁ የኬሚካል ቤተሰብ የወጣው ቲያጋቢን በ1997 በአሜሪካ የተፈቀደው ለሚጥል በሽታ ነው፤ ከጎንዮሽ ጉዳቶቹ አንዱም ድካም ነው።

ንጹሑ አሬኮሊንም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። ከደም ውስጥ በደቂቃዎች ጊዜ ይጠፋል። የአልዛይመር ተመራማሪዎች በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ሲሞክሩት በደም ሥር ጠብ ጠብ እያደረጉ ይሰጡ የነበረው ለዚህ ነው። ጸሐፊው «ቀድሞም ለአንጎል በሽታ ተሞክሯል» ማለታቸው ልክ ነው። በ1978 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ሥራ አሬኮሊን የተወጉ ጤነኛ ሰዎች የቃላት ዝርዝር በተሻለ ሁኔታ ማስታወሳቸውን ዘግቧል። እነዚህ ሁሉ ግን ስለ ትዝታ ናቸው። ስለ እግር የተለካ ነገር የለባቸውም።

«አንድ ሰው አኝኮ እግሩ ሞቀው፣ ቀለለው» የሚለው ምስክርነትስ? ሰውየው ይዋሻል አልልም። ፍሬው በደቂቃዎች ውስጥ ሰውነትን ያሞቃል፣ ያነቃቃል፣ ልብን ያስሮጣል። ተስፋ ያደረገ ሰው ይህን ስሜት የእግሩ መመለስ አድርጎ ቢተረጉመው አይፈረድበትም። ነገር ግን መሞቅና መቆም ይለያያሉ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

አራተኛው፣ ሺህ ዓመታት የታኘከ ነገር አይጎዳም የሚለው ነው። ቁጥሩ ላይ አንጣላም፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ወደ 600 ሚሊዮን ሰው ነው። ግን ያው ቁጥር ራሱ ጸሐፊውን ይሞግታቸዋል። ህንድ ከዓለም አንደኛ የአሬካ አምራችና ተጠቃሚ ናት። ፍሬው ሽባ እግር የሚያስነሳ ቢሆን ኖሮ፣ ሕዝቧ እያኘከው ፖሊዮ ያን ያህል ልጅ ባልጋ ላይ ባልጣለባት ነበር። ህንድ የመጨረሻውን የዱር ፖሊዮ ሕሙም የመዘገበችው በጥር 2011 በምዕራብ ቤንጋል ነው። እዚያ ያደረሳት ክትባት ነው።

ጉዳት የለውም የሚለው ደግሞ በቀላሉ ስህተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የአሬካን ፍሬ ምድብ 1 ውስጥ አስቀምጦታል፤ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በቂ ማስረጃ ያለው ማለት ነው። ትንባሆ ባይገባበትም ጭምር። በ2020 አሬኮሊንን ለብቻው ሲገመግሙት ምድብ 2ለ ውስጥ ገብቷል፤ ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ተብሎ። ፍትሐዊ ልሁንና፣ ምድቡ የሚናገረው ስለ ማስረጃው ጥንካሬ ነው፤ የሚያኝክ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ግን ከካንሰሩ በፊትም የአፍ ውስጥ ሥጋ እየደደረ፣ አፍ መክፈት እስኪያቅት የሚያደርስ ሕመም አለ። እግሩን ፍለጋ ሄዶ መንጋጋው የተቆለፈበት ሰው ምን እንበለው?

«የተፈጥሮ» የሚለው ቃልም እዚህ ቦታ ላይ ባይመጣ ጥሩ ነበር። እግርን ሽባ በማድረግ ከሚታወቁት ነገሮች አንዱ ጓያ ነው፤ ህንዶቹ ኬሳሪ ዳል ይሉታል። ውስጡ ያለው ኦዳፕ የሚባል ንጥረ ነገር፣ ድርቅ መጥቶ ሰው ለወራት እሱን ብቻ ሲበላ፣ እግርን ለዘለቄታው ያሰናክላል። ኩራሬም ከዕፅዋት ነው የሚመጣው።

አምስተኛውን በአጭሩ። ኩባንያዎች ከአሬኮሊን ይሸሻሉ የሚለው እውነት ቢሆን ዛኖሜሊን የሚባል መድኃኒት ባልኖረ ነበር። ዛኖሜሊን የተቀረጸው የአሬኮሊንን ቅርጽ ተከትሎ ነው። ብሪስቶል ማየርስ ስኩዊብ መድኃኒቱን የያዘውን ካሩና የተባለ ኩባንያ በ14 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በመስከረም 2024 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ለስኪዞፍሬኒያ። የሚሰጠውም ትሮስፒየም ከሚባል ሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ ነው። የትሮስፒየም ሥራ ምን መሰላችሁ? ዛኖሜሊን ከአንጎል ውጭ የሚቀሰቅሰውን ማፈን፤ ያንኑ ላብ፣ ያንኑ ማቅለሽለሽ፣ ያንኑ የሆድ ግርግር። ኩባንያ ገንዘብ አይወድም የሚል ክስ ሰምቼ አላውቅም። እዚህ ገንዘብ ቢኖር ኖሮ ሲሻሙበት እናይ ነበር፤ ደግሞም አይተናል፤ ለሌላ በሽታ ነው እንጂ።

ከምር እግርን የሚረዳ መድኃኒት ማስረጃው ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ ፋምፕሪዲን አለ። እሱም የመርዝ ታሪክ አለው፤ ወፍ ማባረሪያ ነበር። መልቲፕል ስክለሮሲስ ያለባቸውን 301 ሰዎች ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ መድኃኒቱን፣ ለሌላው የማስመሰያ ክኒን ሰጡ። 25 ጫማ የሚሆን ርቀት በስንት ሰከንድ እንደሚራመዱ በሰዓት ለኩ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 35 በመቶው፣ ማስመሰያውን ከወሰዱት 8 በመቶው በቋሚነት ፈጠኑ። በ2010 ተፈቀደ። ሽባ አላስነሳም፤ ይራመዱ የነበሩትን ነው ያፈጠነው። ይኸው መድኃኒት ኅብለ ሰረሰራቸው በተጎዳ ሰዎች ላይ በትልልቅ ሙከራዎች ሲፈተን ደግሞ የታሰበለትን ሳያሳካ ቀረ። ያንን ውጤት ደብቀው «ሽባ ያስነሳል» ብለው አልሸጡትም። እንግዲህ ለጓደኛዬም የነገርኳት ይህን ነው፤ ለወንድሟ ፍሬውን አትፈልጊለት፣ ፊዚዮቴራፒውን እንዳያቋርጥ አግዢው አልኳት። ደስ አላላትም። አውቃለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ጸሐፊው ፍሬውንና የሰው እግርን የሚያገናኝ ጥናት ከፈለጉ አንድ መንገድ አለ። በ1975 ስለ ሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ የወጣ ሥራ ፍሬውን ማኘክና ሳይበስል የቦካ ዓሣ መብላት ከቫይታሚን ቢ1 እጥረት ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። በፍሬው ውስጥ ያለው ታኒን ቫይታሚኑን ያበላሸዋል። ቢ1 ሲያልቅ የሚመጣው ቤሪቤሪ የሚባለው በሽታ ነው። ደረቁ ቤሪቤሪ ነርቭን ያጠቃል፤ መደንዘዙና መዛሉ የሚጀምረውም ከእግር ነው።